ወደ ሱዋኪን ለመጓዝ ያሰበ ቤተሰብ ምን ይሰንቅ?

በዚህ ወር የቤተሰብ ዓምዳችን ስለ ጉዞ እንነጋገራለን።

ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተራግፎ፣ ለገበያ ከቀረበ በኋላ በመተማና በገንዳ ውሃ ቤቶች የሚነሳ ወሬ አለ። የተበደረ ዕዳውን ይከፍላል፤ ቤት የጀመረ ቆርቆሮ ይገዛል፤ ልጁን የሚድር ለሠርግ ይሰናዳል። ጥቂት የተረፈው ደግሞ «እስቲ ዘንድሮ ቤተሰቡን ይዘን አንድ አገር እንይ» ይላል። የወጣቶቹ ሐሳብ ከዚህም ይርቃል። የማልዲቭስን ሰማያዊ ባሕር፣ የዛንዚባርን የድንጋይ ከተማ በስልካቸው እያዩ ደሴት ይመኛሉ። ባሕር አይቶ ለማያውቅ የቆላ ልጅ ደሴት የሚለው ቃል ራሱ ልብ ያነሳሳል።

እኛ ይህን ምኞት አንነቅፍም። ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩት ሕዝቦች ፍጻሜ ምን እንደነበር እንድንመለከት በብዙ ቦታ ያሳስበናል። የፈረሰ ከተማ ለሚያስተውል ሰው መምህር ነው። ነገር ግን «ሩቁን ከማየታችን በፊት ስለ ቅርቡ ምን እናውቃለን?» ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው። ምክንያቱም ከዚችው ከመተማ የሚነሳ አንድ የጥንት መንገድ አለ፤ የመንገዱም መጨረሻ ደሴት ነው። በደሴቱ ላይ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል። ስሟ ሱዋኪን ይባላል። ወንዝና በረሃ አቋርጠው ወደ መካ ይጓዙ የነበሩ ብዙ ሙስሊሞች ወደ ጂዳ የሚሻገሩባት የባሕር በር ነበረች።

ሱዋኪን የት ናት?

ሱዋኪን በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከፖርት ሱዳን በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የራሷ መንግሥት ያላት አገር አይደለችም፤ ትንሽ ክብ ደሴት ናት። ባሕሩ እንደ ወንዝ ቀጥኖ ወደ የብስ ይገባና ጫፉ ላይ እንደ ኩሬ ይሰፋል። ደሴቷ የተቀመጠችው በዚያ ኩሬ መካከል ነው። ዙሪያዋን በእግር ለመዞር አንድ ሰዓት አይፈጅም። ቀድሞ ሰው በጀልባ ይሻገር ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ድንጋይ ተሞልቶ ከየብሱ ጋር የሚያገናኛት መተላለፊያ ተሠራላት።

ዕድሜዋ ትንሽ አይደለም። ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አይቷታል። በደሴቷ ላይ የሚጠጣ ውሃ እንደሌለና ውሃ በጀልባ እየተጫነ እንደሚመጣ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶችም እንዳሉ ጽፏል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የዑስማኒያ ቱርኮች ያዟት። ኦዝደሚር ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1555 ያቋቋመው ግዛት ሱዋኪንንና ምጽዋን ይዞ «ሐበሽ» ተብሎ ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 ደግሞ በግብጹ ገዥ በኸዲቭ ኢስማዒል እጅ ገባች። በዚህ ሁሉ ዘመን የሱዋኪን ሥራ ሁለት ነበር፤ ንግድና ሐጅ።

ቀይ ባሕርና የህንድ ውቅያኖስ እንዲህ ዓይነት ደሴቶች አሏቸው። በዳህላክ ከቢር በኩፊ ጽሕፈት የተቀረጹ የጥንት ሙስሊሞች የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። በታንዛንያ ዳርቻ ያለችው የኪልዋ ደሴት የታላቁ መስጊዷ ፍርስራሽ ገና ቆሞ ስለሚታይ እ.ኤ.አ. በ1981 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ለመተማ ሰው ግን ከሁሉም የምትቀርበው ሱዋኪን ናት፤ መንገዱ ከደጁ ስለሚነሳ።

መተማ የሐጅ መንገድ ሳለች

መተማ ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነትና ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ቆስለው መሞታቸው ነው። ከተማዋም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ መታወስም ይገባዋል። ይሁን እንጂ መተማ ከጦርነቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ የታወቀች የገበያና የመንገደኛ ከተማ ነበረች።

ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ የሚነሱ ሙስሊሞች «ተክሩሪ» ወይም «ተክሪር» ይባሉ ነበር። ቃሉ የመጣው በሴኔጋል ወንዝ አካባቢ ከነበረው ከጥንቱ የተክሩር መንግሥት ስም ነው። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ድሆች ነበሩ። ጥቂት መንገድ ይሄዳሉ፤ ስንቃቸው ሲያልቅ ቆመው እየሠሩ ያጠራቅማሉ፤ እንደገና ይጓዛሉ። ለአንዳንዱ ሐጅ የዓመታት ጉዞ ነበር። በደርሶ መልስ ላይ እያሉ በመተማና በገላባት ቀርተው መሬት ያለሙ፣ ገበያ ያቆሙ ብዙዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 በገላባት ባለፈ ጊዜ እነዚህን ሰዎች አግኝቶ ስለ ታታሪነታቸው ጽፏል። በዚያን ዘመን የመተማ ተክሪሮች ኢትዮጵያ ውስጥ ላለው ገዥም ሱዳን ውስጥ ላለው ገዥም ይገብሩ ነበር። በሁለት መንግሥታት መካከል መኖር ለመተማ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

በዚህ በኩል ደግሞ የጎንደር ጀበርቲዎች ነበሩ። በጎንደር አዲስ ዓለም የሚኖሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ቡናና ሰም ጭነው በጭልጋ በኩል ወደ መተማ ይወርዱ ነበር። ከመተማ ያለፈው ዕቃ በሱዳን ከተሞች እየተቀባበለ እስከ ባሕር ይደርሳል። ከነጋዴው ጋር ሐጅ ናፋቂው፣ ከሐጅ ናፋቂው ጋር ዕውቀት ፈላጊው ደረሳ ይጓዛል። በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት ሰው፣ ሦስት ዓይነት ኒያ!

መንገዱ ዛሬም ያው ነው። ከመተማ ዮሐንስ ትንሿን ድልድይ ተሻግሮ ገላባት፤ ከዚያ ገዳሪፍ፤ ከዚያ የጋሽ ወንዝ የሚያልፍባት፣ ክብ ጫፍ ባላቸው የድንጋይ ተራሮቿ የምትታወቀው ከሰላ፤ ከከሰላ ሃይያ፤ ከዚያም የቀይ ባሕርን ተራሮች በሲንካት በኩል አቋርጦ ቁልቁል ወደ ሱዋኪን መውረድ ነው። በጠቅላላው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ዛሬ በመኪና የሚቆጠረው በቀን ነው፤ በግመል ዘመን ግን በሳምንታት ይቆጠር ነበር። በመንገዱ ላይ የቤጃ ሕዝብ ይኖራል። ቤጃዎች ቡና ወዳድ ናቸው። የሚያፈሉበትን ዕቃ እንደ እኛው «ጀበና» ይሉታል፤ ቡናው ውስጥም ዝንጅብል ይጨምሩበታል።

በደሴቷ ላይ ምን ይታያል? ለምንስ ፈረሰች?

የሱዋኪን ቤቶች የተሠሩት ከባሕር ውስጥ በተቆረጠ የዛጎል ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ቀላልና ለመጥረብ ምቹ ቢሆንም በኖራ ተለስኖ በየጊዜው ካልታደሰ ጨውና ዝናብ ይበሉታል። መስኮቶቹ «ሮሻን» የሚባሉ፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጣ ያሉ፣ በእንጨት ጥልፍ የተሸፈኑ ነበሩ። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ በጥልፉ ይገባል፤ የቤቱ ሴቶች ከውጭ ሳይታዩ መንገዱን ያያሉ። ሙቀትና ሐያእ በአንድ መስኮት መፍትሔ አገኙ ማለት ነው።

በደሴቷ ላይ የሐነፊና የሻፊዒ መስጊዶች ተለያይተው ቆመዋል። ሁለቱም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በቱርክ መንግሥት እርዳታ ታድሰዋል። ለእኛ ይህ ትርጉም አለው፤ በአገራችን በሰሜኑ ክፍል የሐነፊ መዝሀብ፣ በምሥራቁ ደግሞ የሻፊዒ መዝሀብ ተከታይ ይበዛልና። ከጎንደር የወረደውም ከሌላው አገር የመጣውም በዚያ ትንሽ ደሴት የሚሰግድበት መስጊድ አላጣም። ነጋዴዎች ከነጭነታቸው የሚያርፉባት የሸናዊ በይ ወካላም ነበረች። የአገሩ ሰዎች በዓመቱ ቀናት ቁጥር 365 ክፍሎች ነበሯት ይላሉ። ይህን እንደ ወሬ እንውሰደው፤ የወካላዋ ትልቅነት ግን ከፍርስራሹም ይታወቃል። ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው ሌላም ወሬ ይሰማል። ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ጂኖችን ያሰሩት በዚህች ደሴት ነው የሚል ተረት አለ። ተረትን ተረት፣ ታሪክን ታሪክ ብሎ ለልጅ መለየት የወላጅ ፋንታ ነው።

ታዲያ ይህች ከተማ ማን አፈረሳት? ጦር አላፈረሳትም። ትልልቅ የእንፋሎት መርከቦች በመጡ ጊዜ መግቢያዋ ጠባብና በዛጎል ድንጋይ የተከበበ ሆኖ አስቸገረ። ስለዚህ በሰሜን በኩል አዲስ ወደብ ተቆረቆረ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1909 የተመረቀው ፖርት ሱዳን ነው። ንግዱ ሲሄድ ነጋዴው ተከተለ፤ ነጋዴው ሲሄድ ቤቱን የሚለስነው ጠፋ። ያልተለሰነው ግድግዳም በየክረምቱ እየተናደ አለቀ። ዣን-ፒየር ግሪንሎው የተባለ እንግሊዛዊ የሥዕል መምህር ቤቶቹ ሳይወድቁ በፊት አንድ በአንድ ባይሥላቸው ኖሮ ብዙዎቹ ምን ይመስሉ እንደነበር ዛሬ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ሥዕሎቹ እ.ኤ.አ. በ1976 በመጽሐፍ ታትመዋል። ይህን ነገር አንባቢያን በልባችሁ አቆዩት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሐቁን መደበቅ አይገባም

ስለ አያቶቻችን መንገድ ስናወራ መልካሙን ብቻ ብንናገር አማናን ማጉደል ይሆናል። በዚያው መንገድ፣ ከሐጃጁ ጎን፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ይነዱ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ቡናና ሰም ብቻ ሳይሆን ከኢትዮጵያ ምዕራብና ደቡብ የተጋዙ ወጣት ወንዶችና ሴቶች የሚሸጡባት ገበያ ነበረች። ሱዋኪንም ወደ ጂዳ የሚጫኑባት ወደብ ነበረች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነጋዴ እጁ ነበረበት። የፈረሰውን ቤት በር ስናይ በዚያ በር ለሐጅ የወጡትን እያሰብን በግድ የወጡትንም ማሰብ ይገባናል። ቁርኣን ካለፉት ሕዝቦች ፍጻሜ ተማሩ ሲል የሚያስመሰግነውን ብቻ ተመልከቱ ማለቱ አይደለም።

እንግዲህ ተነስተን እንሂድ?

አይደለም! ዛሬ አይደለም። ይህን በግልጽ ለመናገር ነው ወሬያችንን እስከዚህ ያደረስነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በኻርቱም የፈነዳው ጦርነት ሱዳንን ምን እንዳደረጋት ከመተማ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያች ትንሽ ድልድይ ላይ ሱዳናውያን፣ ከሱዳን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ የሌሎች አገሮች ሰዎችም ልጅ አዝለው፣ ሻንጣ ጎትተው ሲገቡ አይተናል። በእኛም በኩል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ከጎንደር መተማ ያለውን፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አስጊ አድርጎታል። መንገደኞች የታገቱበት፣ ድንበሩም የተዘጋበት ጊዜ አለ።

ዑለማዎች ሐጅ ግዴታ የሚሆነው በሚችል ሰው ላይ ነው ሲሉ ከመቻል ውስጥ የመንገድን ሰላም ይቆጥራሉ። መንገዱ ለነፍስ የሚያሰጋ ከሆነ ያ ታላቅ ግዴታ እንኳ እስኪረጋጋ ድረስ ይቆያል። ሐጅ የሚቆይ ከሆነ ሽርሽር አይቆይም እንዴ? ጉብኝትን ለሰላም ቀን ማቆየት ፍርሃት አይባልም፤ አላህ በአማና የሰጠንን ነፍስ መጠበቅ ነው።

ይህን ለወጣቶቻችን ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። በመተማና በገንዳ ውሃ «በሱዳን አድርጌ በሊቢያ አሻግርሃለሁ፤ ገንዘቡን ስትደርስ ትከፍላለህ» የሚል ደላላ እንዳለ እናውቃለን። እርሱም የሚናገረው ስለ ባሕርና ስለ ሩቅ አገር ነው። ነገር ግን መንገደኛውን እንደ ዕቃ እየተቀባበለ ይሸጠዋል፤ በበረሃ ይዞ ከእናቱ ቤዛ ይጠይቅበታል። የእናት ላም፣ የአባት መሬት ተሽጦ ገንዘቡ ከተላከ በኋላ እንኳ ልጁ ያልተመለሰበት ቤት ጥቂት አይደለም። የአገራችን ሕግም በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን መነገድንና በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን በከባድ ቅጣት ይቀጣል። ከላይ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ያነሳነው ገበያ ስሙን ለውጦ ዛሬም በዚያው መንገድ ላይ እንዳለ አስተውሉ። ልዩነቱ ያኔ ሰው በሰንሰለት ይነዳ ነበር፤ ዛሬ በተስፋ ይነዳል።

የሰላም ቀን ሲመጣ የሚጠቅም ምክር

እንግዲህ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ዕቅዱን በወረቀት ላይ እናሰናዳ። ዕቅድ ያለው ሰው ቀን ሲወጣ አይደናገርም።

1. ኒያና ጓድ። ለምን እንደምትሄዱ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይነጋገር። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚጓዝ አንዱን አሚር ማድረግ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ነው። በመንገድ ላይ ከሚነሳው ጭቅጭቅ ግማሹን ይህ ብቻ ያስቀራል። እህቶቻችን ከመሕረማቸው ጋር ይጓዙ።

2. ገንዘብ። በመጀመሪያ ዕዳ ይከፈል፤ አደራ ይመለስ፤ ኑዛዜ ይጻፍ። ለጉዞ ተብሎ ወለድ ያለበት ብድር አይወሰድ። ዘመዳሞች ተሰባስበው የጉዞ ዕቁብ ቢጥሉ በሁለትና በሦስት መከር ይሞላል።

3. ጊዜ። በመተማ ዝናብ የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በሱዋኪን ግን በጋው እጅግ ይሞቃል፤ ጥቂቱ ዝናብም የሚወርደው እኛ መከር ስንሰበስብና ከዚያም በኋላ ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ለተጓዡ ይሻላል፤ የሰሊጥ ሥራም በዚያን ጊዜ ይቀላል።

4. ወረቀት። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃንም ጭምር፣ ፓስፖርትና ቪዛ ያስፈልጋል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አይረሳ። «የድንበር ሰው ነኝ፣ ገላባት ሁልጊዜ እሄዳለሁ» የሚለው ልማድ ገዳሪፍን አልፎ አይሠራም።

5. ጤና። ቆላው የወባና የካላ አዛር አገር ነው። ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ማታ ማታ ትነክሳለች። ስለዚህ ደጅ በግራር ሥር ከማደር መጠንቀቅና አጎበር መያዝ ይበጃል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የጣፊያ እብጠትና የሰውነት መክሳት ከታየ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ውሃን በተመለከተ ኢብን በጡጣ የጻፈውን አስታውሱ፤ በባሕር የተከበበ ሁሉ የሚጠጣ ውሃ አለው ማለት አይደለም።

6. ሶላት። ከመተማ ሱዋኪን በሁሉም መዝሀቦች መለኪያ ረጅም ጉዞ ነው፤ ባለ አራት ረከዓ ሶላት ያሳጥራል። ማጣመርን በተመለከተ ግን ሻፊዒዎች ለመንገደኛ ሲፈቅዱ ሐነፊዎች ከዐረፋና ከሙዝደሊፋ በቀር አያጣምሩም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የመስጊዳችሁን ሸይኽ ጠይቁ። በመኪና ውስጥ ክርክር ከመግጠም በቤት ጠይቆ መውጣት ይሻላል።

ከዛሬ ጀምሮ የሚደረገው ጉዞ

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ አቆዩት ያልናችሁ ነገር አለ። የሱዋኪን ቤቶች ሲፈርሱ አንድ ሰው በመሣሉ መልካቸው ተረፈ። የእኛስ? በጥንቱ ዘመን በሱዋኪን በኩል ለሐጅ የሄዱት ዛሬ በሕይወት አይገኙም፤ ከእነርሱ አፍ የሰሙት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን ገና አሉ። እነርሱም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ወሬያቸው ያልተለሰነ ግድግዳ ነው፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይናዳል። የገላባት ድንበር ቢዘጋ ይከፈታል፤ የአንድ ሽማግሌ አፍ ግን አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም።

ስለዚህ ለወጣቶቻችን የምናቀርበው የጉዞ ዕቅድ ይህ ነው። በዚህ ወር ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት፣ ከቤተሰባችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ በዕድሜ ትልቁ ሰው ዘንድ ሂዱ። ሰላምታ አቅርቡ፤ ዱዓ አስደርጉ፤ ከዚያም እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ።

— ከወገናችን መጀመሪያ ሐጅ ያደረገው ማን ነው? በየት በኩል ሄደ?

— ምን ሰነቀ? በየት በየት ቆሞ እየሠራ በላ?

— አብሮት ወጥቶ ያልተመለሰ ማን ነው? የትስ ተቀበረ?

— እርሱ በሌለበት ቤቱን ማን ያዘ? ልጆቹን ማን አሳደገ?

— ሲመለስ ምን ይዞ መጣ?

አራተኛውን ጥያቄ ለአያቶቻችሁ ለሴቶቹ ማቅረብን አትርሱ። ሐጂው ሲሄድ መሬቱን ያረሰች፣ ከብቱን ያገደች፣ ዓመታት የጠበቀች ሚስት ታሪክ አልተጻፈላትም። የእርሱ ሐጅ ያለ እርሷ ትዕግሥት አይሞላም ነበር።

ሲናገሩ አታቋርጡ፤ «እንዲህ አይደለም» ብላችሁ አትከራከሩ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ፤ የሰውን ስም፣ የቦታውን ስም፣ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን በደብተር ጻፉ። ቀረጻውን በሁለት ቦታ አስቀምጡ። በቤት ውስጥ የቆየ በእጅ የተጻፈ ኪታብ ካለ ከመሬት አንስታችሁ፣ ከምስጥና ከእርጥበት አርቃችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አኑሩት። ገዥ መጥቶ ገንዘብ ቢያሳያችሁ አትሽጡት። በኪታቡ ኅዳግ ላይ የተጻፈች አንዲት የመንገደኛ ስም ለቤተሰቡ ከዋጋው ትበልጣለች።

ሁለተኛም በመካከላችን ያሉትን እንግዶች እናስብ። ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ሱዳናውያን በመተማ በር ገብተዋል፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተተክሎላቸው ከባድ ጊዜ አሳልፈዋል። ከመካከላቸው የገዳሪፍን ገበያና የከሰላን ተራራ እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ይኖራል። የተክሪር መንገደኞች ስንቃቸው አልቆ በመተማ ሲቆሙ መሬትና ውሃ ያገኙት ከዚህ አገር ሰው ነው። እንግዳን መቀበል የዚህ ከተማ የቆየ ሙያ ነው፤ አንድ ሲኒ ቡና ጋብዙ፤ ስለ አገራቸውም ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ለዑምራ ወይም ለሐጅ በአውሮፕላን ጂዳ የሚወርድ ዘመድ ካላችሁ «አል-በለድ» የሚባለውን የጂዳን አሮጌ ሰፈር እንዲያይ አሳስቡት። እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ሰፈር የተሠራው በዚያው በዛጎል ድንጋይ ነው፤ መስኮቶቹም እነዚያው ሮሻኖች ናቸው። ሱዋኪን ሳትፈርስ ምን ትመስል እንደነበር ማየት የፈለገ እዚያ ያያታል። ፎቶ አንስቶ ይምጣ፤ ከሽማግሌው ወሬ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያደረገ ቤተሰብ ሰላም ሆኖ መንገዱ በተከፈተ ቀን ወደ ሱዋኪን የሚሄደው እንደ ባዳ ጎብኚ አይደለም። በፈረሰው በር ሲገባ «የእኛ ሰው እገሌ በዚህ አልፏል» የሚል ይሆናል። ልጆቹም የሚያዩት የድንጋይ ክምር ብቻ አይሆንም። ይህን ሳያደርግ የሄደ ግን ድንጋዩን አይቶ፣ ፎቶውን አንስቶ ይመለሳል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለአገራችንና ለጎረቤታችን ለሱዳን ሰላምን ያውርድ! በመንገድ ላይ ያሉትን ልጆቻችንን በሰላም ይመልስ! ያለፉትን ሐጃጆቻችንን ይቀበላቸው! የሽማግሌዎቻችንንም ዕድሜ ያርዝምልን! አሚን።